የተሸናፊ ባትሪ

መካ፣ ሻራ መንሱር ያለ አበሻ ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ውጤት መፈለግ አያስፈልገውም፤ የዋትስአፕ የኳስ ግሩፑን ከፍቶ ማን እንደጠፋ ማየት ይበቃዋል። አርሴ ሲያሸንፍ ሌሊት ሲነዳ አድሮ የተኛው ሹፌር ሳይቀር ተነስቶ ይጽፋል። ሲሸነፍ የአንዱ ባትሪ ይዘጋል፣ ሌላውን ከፊሉ (አሠሪው) በድንገት ይፈልገዋል፣ ሦስተኛው ጅዳ መንገድ ላይ ኔትወርክ ያጣል። ከመካ ጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ ሰው ግን ከሽንፈት በኋላ እስከ ረቡዕ ይጓዘዋል።

ያኮብ ኒልሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንተርኔት ላይ ከተሰበሰበ መቶ ሰው 90ው አንብቦ ዝም ይላል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ጣል ያደርጋል፣ አብዛኛውን የሚለፈልፈው 1ዱ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። መንሱርን ሳያይ እንዴት እንዳወቀን እንጃ። የኛ አንዱ ባቃላ (ሱቅ) ውስጥ ይሠራል። ቮይሱን ስትከፍት ስለ ኦፍሳይድ እያስረዳ መሐል ላይ ደንበኛ «ቢካም?» ሲል ይሰማል፤ ዋጋውን ይነግረዋል፣ መልስ ይቆጥራል፣ ከዚያ «እና ምን እያልኩ ነበር…» ብሎ ኦፍሳይዱን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

ከጨዋታ በፊት ትንቢት ይዘንባል። «3 ለ 0 እናወርዳቸዋለን» ያለው ሰውዬ ማታ ላይ በቦታው የተሰረዘ መልእክት ትቶ ይጠፋል። ዋትስአፕም ተባባሪ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ለመሰረዝ ከሁለት ቀን ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይሰጣል፣ የቅዳሜን ጉራ ሰኞ ለመዋጥ በቂ ነው። ችግሩ ስክሪንሾት የሚያስቀምጥ ምቀኛ አይጠፋም።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቅዳሜው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከመግሪብ ጥቂት አለፍ ብሎ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በኡሙል ቁራ አቆጣጠር ከመግሪብ እስከ ኢሻ 90 ደቂቃ ስለሆነ፣ የኢሻ አዛን ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀማመር ይደርሳል። ያን ጊዜ «ጎል!» ብሎ የጻፈ ራሱን አጋለጠ። አድሚኑ ወዲያው «ወንድሜ፣ ሶላቱስ?» ብሎ ይገስጸዋል። አድሚኑስ ከየት ሆኖ አየው ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልተገኘም።

በጣም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቤንዜማ በ2023 የጅዳውን ኢትሃድ ሲቀላቀል በግሩፑ አንድ ስቲከር እንኳ የላከ የለም። 60 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው ጀውሃራ ስታዲየም እዚሁ ቅርባችን ጅዳ ቆሞ፣ እኛ ለንደን ስለሚቀየር ተከላካይ ሌሊቱን እንጣላለን። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ያለቀበት ሰው ስታዲየም በር ላይ አይሰለፍም፣ እሱስ ይገባኛል። ባለ ኢቃማዎቹን ምን ነካቸው?

ዝም ካሉት መሐል ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ የማንቼ ደጋፊ አለች። ስልኳን የምትከፍተው ማዳሟ ስትተኛ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ተጨቃጭቀን፣ ተሰዳድበን፣ አድሚኑ አስታርቆን ደህና እደሩ ከተባባልን በኋላ አንዲት መስመር ትልካለች፦ «ፔናልቲው ግን ልክ ነበር።» ባለ ባቃላው ወዲያው ቮይስ መቅዳት ይጀምራል። ባትሪው የተዘጋውም ኦንላይን ይሆናል።