መኪናዋ እንዳትረጥብ

መኪና የሚገዛው ለመሄጃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ከቮልስ ባለቤት ጋር አንድ ግቢ ኖሮ አያውቅም። አባቴ ባለ መኪና ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጃንጥላውን ይዞ የአንበሳ አውቶቡስ ይጠብቃል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው የሩቅ እንግዳ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። መኪናዋ እንዳትረጥብ ነው። እሱ በስብሶ ይገባል፣ እሷ ሸራዋን ለብሳ ትጠብቀዋለች።

በፈረንጆቹ የ1960 ሞዴል ነበረች። ጉልበቷ 30 ፈረስ፣ መብራቷ ባለ 6 ቮልት፤ ማታ ማታ መንገዱን ከማሳየት ይልቅ እኛ መኖራችንን ለሌላው ታስታውቅ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ የእንጦጦን ዳገት የምንወጣው በሃያ ምናምን ፈረስና በእናቴ ጸሎት ነበር። አባቴ ይህን ሒሳብ አይቀበልም። ዳገቱ ላይ ጥሎን የሚሄደውን ሁሉ አይቶ፣ «መኪናውን እየገደለው ነው» ብሎ ከልቡ ያዝንለታል። ለልምምድ የወጡ ብስክሌተኞች ሲያልፉን ግን ዝም ይላል።

የቤንዚኑ ነገር ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። የዚያ ዘመን ቮልስ የነዳጅ ጌጅ የላትም። ሞተሩ ማንገራገር ሲጀምር እግር አጠገብ ያለች ትንሽ መዘውር ትዞራለች፤ ያን ጊዜ መጠባበቂያው ይለቀቅና ማደያ ፍለጋ ይኬዳል። ጀርመኖቹ ይበቃል ያሉት ይህ ነው። አባቴን አልበቃውም። እንጨት ጠርቦ፣ በቢላ ምልክት አበጅቶበት ከወንበር ሥር አኖረ። ከጉዞ በፊት የፊቱ ኮፈን ይከፈታል፤ ታንከሩ እዚያ ነውና እንጨቱ ይነከራል፣ ወጥቶ ወደ ብርሃን ዞሮ ይታያል፣ ከዚያም ይሸተታል። ለምን እንደሚሸተት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህ ሁሉ ሲያበቃ ቤተሰቡ ይሳፈራል፤ ጫማው በጨርቅ ተወልውሎ፣ ቆሎው ከኪሱ ተራግፎ። በሩን የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው። እኛ እናላጋዋለን።

ማደያ ስንደርስ ቀጂው ልጅ ማስገቢያውን ፍለጋ በኋላ በኩል ይዞራል። አባቴ ወዲያው አይነግረውም። ልጁ ሁለት ጊዜ ዞሮ ግራ እስኪጋባ ይጠብቅና፣ እንደ ቤተ መዘክር አስጎብኚ ረጋ ብሎ ወርዶ የፊቱን ይከፍትለታል።

ቅዳሜ የሶማሌ ተራ ቀን ነው። አባቴ ዕቃ የሚገዛው ለተበላሸው አልነበረም፤ ወደፊት ሊበላሽ ለሚችለው ነው። ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ አንድ ሙሉ ማርሚታ ሳይቀር አልጋው ሥር ተደርድረው ይኖሩ ነበር፤ የእናቴ ሻንጣ ቦታ አጥቶ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ መውጣቷን ሰምቶ ምሳው አልበላ አለው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ሲያበቁ እሱ የሚጨነቀው ለአንዲቷ ቺንጊያ ነው። እናቴ ልታጽናናው ሞከረች፦ «ሜክሲኮ ከሆነማ ምን አለበት፣ በአውቶቡስ ደርሰህ ትመጣለህ።»

የቮልስን ክብር የሚነካ ሰው ከተገኘ የመጨረሻው መከራከሪያ ታሪክ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነው። አባቴ ይህን የሚያነሣው እንደ ምስክር ወረቀት ነበር፤ «ጃንሆይ ተቀምጠውባታል!» ይላል። እናቴ ቡናዋን እየቆላች፣ «ተቀምጠውባት ሄደው መቼ ተመለሱ?» ትለዋለች። ክርክሩ እዚያ ላይ ይዘጋል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ደላላ ሲመጣ ነው። አባቴ ያስገባዋል፣ ቡና ያስፈላለታል፣ ዋጋ ያስጠራዋል። ያንሳል ብሎ ያስጨምረዋል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያሰማዋል፤ ሌላም ያስጨምረዋል። ሰውየው ገንዘብ ሊቆጥር ሲል፣ «አትሸጥም» ይለዋል። ደላላው ተናድዶ ከወጣ በኋላ የተጠራው ዋጋ እስከ ማታ ድረስ ለሰፈሩ ይዳረሳል። ሌላው ሰው ገንዘቡን ባንክ ያስቀምጣል፤ አባቴ ያልተቀበለውን ገንዘብ እየቆጠረ ይደሰት ነበር።

እኛ ልጆቹ በዚህ ሁሉ ስንስቅ አደግን። ሳቁን ያቆመልን መንግሥት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ብረት ሁሉ ክብር አገኘ። ቮልሷን «ድስቷ» እያለ ይጠራት የነበረው ታላቅ ወንድሜ፣ አሁን ፎቶዋን ስልኩ ላይ አድርጎ «የአባታችን ቅርስ» እያለ ያሳያል።

እሱ ራሱ የሚነዳው ኤሌክትሪክ ነው። ቢሾፍቱ ለመሄድ ከዋዜማው ጀምሮ ስንት ፐርሰንት እንዳላት ያያል፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ ይነቃል። ጠዋት ተነሥቶ ያያል፤ ቃሊቲ ስንደርስ ደግሞ ያያል። ያን ያህል ከመጨነቅ አንድ እንጨት ቢጠርብ ይሻለው ነበር። ልጆቹ ሲሳፈሩ በሩን የሚዘጋው ራሱ ነው። ያላጉበታል።

አባታችን ካረፈ ወዲህ ቮልሷ እኔ ጋ ናት። ደላሎች አሁንም ይመጣሉ። ከአንባቢዎቼ መካከልም የሚያስባት ካለ ድካሙን ላሳጥርለት፦ አትሸጥም። ዋጋ ለመጥራት ብቻ ከሆነ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቡናም አይጠፋም።