ሴቶች ይበረታታሉ

ሴትን በማበረታታት እኛን የሚያህል የለም። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ገና ሲጸድቅ በአንቀጽ 35 ሴቶች ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል ብሏል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብም ለዓመታት ዝቅ ተደርጎ ተቆርጦላቸዋል። የካቲት 29 በደረሰ ቁጥር ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ወንዶች ከመድረክ ሆነው ስለ ሴቶች እኩልነት ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ይደረግ?

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ሶፍትዌር ምህንድስና የደረሳት ልጅ፣ እዚያው ጉብሬ ባለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ትማር ሌላ ቦታ፣ ማበረታቻው የሚያገኛት የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ነው። ቡድኑ ርዕስ ሳይመርጥ (መቼም ወይ የሆስፒታል መረጃ አያያዝ ነው፣ ወይ የኦንላይን ገበያ) የሥራ ክፍፍሉ ያልቃል፦ «አንቺ ዶክመንቴሽኑን ያዢ።» ንቀዋት እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርባ ያለው ኮድ፣ ባክኤንዱ፣ እንዳያደክማት አዝነውላት ነው። ዲያግራሙን ትስላለች፣ የገጽ ቁጥር ታስተካክላለች፣ ታስጠርዛለች። ፕሮጀክቱ በመምህራን ፊት በሚቀርብበት የዲፌንስ ዕለት ዘንጣ መጥታ መግቢያውን ታነባለች። መምህሩ ስለ ዳታቤዙ ሲጠይቃት አፏን ሳትከፍት አንዱ ቀድሞ ይመልስላታል። ይህም ድጋፍ ነው።

ኮዱ የሚጻፈው ሌሊት፣ በወንዶች ዶርም ነው። የእሷ ማደሪያ በር፣ ለደኅንነቷ ታስቦ፣ በጊዜ ይዘጋል። ጠዋት «ጨርሰነዋል፣ አታስቢ» ትባላለች። ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ማስታወቂያው «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል፤ ቀጣሪው ግን «የጻፍሽው ኮድ ያለበትን ጊትሀብሽን አሳዪኝ» ይላታል። ባዶ። «አይ፣ በኮታ የገቡት እኮ...» የሚለው ሐሜት ማስረጃውን ያገኘው ይሄኔ ነው።

እንሰት ፍቃ፣ ቀብራ፣ የመብላላቱን ጊዜ በጭንቅላቷ አስልታ ቆጮ የምታደርስ የጉራጌ እናት የወለደቻት ልጅ «ሎጂክ ይከብዳታል» አሉ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ባሏን የመፍታት መብት ይኑራት ብላ የአገር ሽማግሌ የሞገተችው የቃቄ ውርድወት ዛሬ ብትመጣ ቃለ ጉባኤ ያሲዟት ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. ኢኒያክ የተባለውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት አሜሪካውያን ሴቶችም ቢሆኑ ዶክመንቴሽን የሚያሲዛቸው ደግ የክፍል ጓደኛ አጥተው ይሆናል።

ዲፌንስ የምትዳኙ መምህራን ሆይ፣ ዘንድሮ ባነሩ ይቅርና ላፕቶፑን ወደ እሷ አዙሩት። «ይቺን ፈንክሽን እዚሁ ለውጪልን» በሏት። ሌላ ሰው አይመልስላት። ካቃታት ማርኩን ከእሷ ብቻ ሳይሆን ከመላው ቡድን ቀንሱ።