ጣቶቼን የት ላድርጋቸው?

የዘመኑን የሴት ጫማ የሚቀዱ ሰዎች እግር አይተው አያውቁም ብዬ ደምድሜያለሁ። ያዩት ካለ የጫሞ ሐይቅን አሳ ነው፤ ከወገቡ ሰፍቶ ወደ አፉ የሚሾለውን። የሰው እግር ማንም ጎንበስ ብሎ ቢያየው ተረከዙ ጋ ጠበብ ብሎ ጣቶቹ ጋ ይሰፋል። አርባ ምንጭ ሲቀላ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ ግን የተደረደረው ጫማ ሁሉ፣ እግር ልስፋ በሚልበት ቦታ መጥበብ ይጀምርና ሹል ብሎ ያልቃል። ታዲያ አምስቱን ጣቶቼን የት ላድርጋቸው? ሁለቱን በቦርሳዬ ልያዛቸው?

ይህን ስጠይቅ የልጅ ልጄ እኩያ የሆነው ሻጭ፣ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ፍላት ነው፤ ለጤና ነው የሚደረገው» ይለኛል። ማዘር! ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት «ሲስተር» ስባል ኖሬ ጡረታ ስወጣ ማዘር አደረጉኝ። ዕድገት መሆኑ ነው።

ልጄ፣ ታኮ ስለሌለው ብቻ ጤና አይሆንም። አፉ ሰፊ፣ ማሰሪያ የሌለው ስስ ፍላት እግር ላይ የሚቆየው በምን ይመስልሃል? በጣት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ እንዳይወልቅ ጣቶች ተቆልምመው ይይዙታል፣ ቀኑን ሙሉ። ማታ ባለቤቷ እግሯን እያሸች «ምን ነክቶኝ ነው?» ትላለች። አውራ ጣት ደግሞ በሹሉ ጫፍ ወደ ጎረቤቶቹ እየተገፋ ይከርምና፣ በተለይ በዘር ካለባት፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጪ ይወጣል። አንዴ ከወጣ በቅባትም በጸበልም ወደ ቦታው ሲመለስ አላየሁም። ባለ ታኮውንማ ተዉት። በሴቻ ኮብልስቶን ላይ ታኮ አድርጋ ቁልቁል የምትወርድ ሚዜ ሳይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማሳልፋት።

ይሄ አንሶኝ አዲስ አበባ የምትሠራው የልጅ ልጄ በሌላ በኩል መጣችብኝ። «እማማ፣ መፍትሔው ሚኒማሊስት ነው» አለችኝ በስልክ። ምን ማለት ነው ብላት አብራራችልኝ፤ ሶሉ ስስ፣ ተረከዙና ፊቱ እኩል፣ ጣት እንደልቡ የሚዘረጋበት፣ በእጅ የሚጠቀለል የቆዳ ጫማ። «በባዶ እግር የመሄድ ያህል ነው!» አለች ደስ ብሏት። ዋጋውስ? ከ100 ዶላር በላይ። እኔ የጨንቻን ዳገት በባዶ እግሬ እየወጣሁ የተማርኩት በነፃ ነበር። ይህን ያህል እንደሚያወጣ ያኔ ባውቅ ኖሮ ለፈረንጅ ሸጬው ቤት እሠራበት ነበር።

ስለ ባዶ እግር ሊሰብከኝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከሕፃን ጣት ላይ ሙጀሌ በመርፌ አውጥቶ ይምጣ። ሙጀሌ ቁንጫ ናት፤ ሴቲቱ በጥፍር ጠርዝ ሥር ገብታ በሰው ሥጋ ውስጥ እንቁላሏን ታሳድጋለች። ጥላና እርጥበት ያለበት የሙዝ እርሻ ውስጥ ደግሞ የመንጠቆ ትል እጭ አለ፤ የውስጥ እግርን ቆዳ በስቶ ይገባና አንጀት ደርሶ ደም ይመጣል። ደግሞ እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ ዝሆኔ ነው። ከጋሞ ደጋዎች እስከ ወላይታ የምናርሰው፣ እንሰቱን የሚያፋፋልን ያ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ አለት የመጣ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በባዶ እግር ቆዳ ይገባሉ፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ፣ ያጠባሉ፤ እግሩም ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ይቋጥራል። ሕዝቡ እርግማን ነው፣ ድግምት ነው፣ ክፉ ነገር ረግጦ ነው ሲል ኖረ። በእግር ምክንያት ልጅ ሳትዳር የቀረችበት ቤት አውቃለሁ፤ በሰርግና በለቅሶ ሰው ራቅ ብሎ የሚቀመጥባቸውን እናቶችም አውቃለሁ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ጉዳዩን ተከታትሎ፣ የደጋችን ጥፋተኛ ትንኝ ሳይሆን አፈሩ መሆኑን አሳየ። በቆላው በትንኝ የሚመጣም አለ፤ እሱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በወላይታ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ አንዳንዱ ሰው በዘሩ ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን ገለጠ። ለዚህ ነው ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ሲያዝ አጥር የሚጋራው ጎረቤት በባዶ እግሩ ሸምግሎ የሚሞተው። እሱም «እኔን ምን አደረገኝ?» እያለ ሌላውን ያሳስታል። በአገራችን ታማሚው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይገመታል።

ሕክምናው ደግሞ ተአምር የለውም። በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀባት፣ ማሰር፣ ካልሲና ዝግ ጫማ ማድረግ፣ ነገም ያንኑ መድገም። ወላይታ ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር ታማሚዎቹን ራሳቸውን ጫማ መስፋት እስከ ማስተማር ደርሷል፤ ያበጠ እግር የሚያስገባ ጫማ ከሱቅ ስለማይገኝ። እኔም በየቀበሌው እየዞርኩ «ጫማ፣ ጫማ» ስል ጉሮሮዬ ነቅቷል። ይኸው ዛሬ የገዛ ልጄ ልጅ ባዶ እግርን በዶላር ልትገዛልኝ ተነሳች።

«አበበ ቢቂላስ?» አለችኝ፤ መቼም መልስ አታጣም። አበበማ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። የቀረበለት ጫማ አልስማማ ብሎት ነው እንጂ ጤና ፍለጋ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማም ካልሲም አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገባ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጠነ ማለት ነው፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ብዙ ሳይቆይ። ይህን ለልጅቷ ስነግራት መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አለችኝ በኋላ።

እግረ መንገዴን፣ ቪብራም የተባለ ድርጅት ለአምስት ጣት አምስት ኪስ ያለው ጫማ ሠርቶ አንዱን ዓይነት «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ፤ በ2016 ፍርድ ቤቱ አቤቱታችሁ ዘግይቷል ብሎ መዝገቡን ዘጋባቸው። ራሱ ድርጅቱም ጫማው ጡንቻ ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል እያለ ያስተዋወቀው ማስረጃ የለውም ተብሎ በገዢዎች ተከስሶ ነበር። ጥፋቱን ሳያምን እ.ኤ.አ. በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ልብ በሉ፣ ባዶ እግር እንኳ ጠበቃ ያቆመበት ዘመን ነው።

ደግሞ ሁሉንም አላጣጥልም። ጣት ይዘርጋ የሚለው ነገር እውነት ነው። ዶርዜ ወጥታችሁ ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ሲሠራ እዩት። መርገጫውን በጣቶቹ መሃል ይዞ አንዱን ይለቃል፣ ሌላውን ይረግጣል፤ ጋቢውን በእጁ ብቻ የሚሠራው የሚመስለው እንግዳ ወደ ታች ስላላየ ነው። ያንን እግር ሹል ጫማ ውስጥ ብትከቱት የቤተሰቡን እንጀራ አሰራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ስፋቱን እቀበላለሁ፣ ታኮ አልባነቱንም። ስስነቱ ላይ ግን እከራከራለሁ። አዲስ አበባ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚታከሙበት በአለርት ሆስፒታል ሥልጠና ስወስድ የተማርነው፣ ስሜቱ የጠፋ እግር ምስማር ረግጦም ዝም እንደሚል ነው። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ስስ ሶል አይጠጋ፤ ጫማውንም ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳብስ። በነገራችን ላይ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት የመሠረተችው እዚያው ዘነበወርቅ ሰፈር ነው፤ ሶሉን ከመኪና ጎማ እየቆረጠች። እኛ በረባሶ ብለን የናቅነውን ውጭ አገር ድረስ ሸጠችው። ጎበዝ! ንቀታችንን በዶላር መነዘረችው።

ስለ ንቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ቆዳውስ? በእኛ በጋሞ ቆዳ የሚፍቁት ደገላ ይባላሉ። የድንጋይ ስለት አውጥተው፣ በእንጨት እጀታ ላይ አድርገው ቁርበት ሲፍቁ ለማየት ተመራማሪ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ በዚህ ዘመን በድንጋይ ቆዳ የሚፍቅ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው። እኛ አጠገባቸው የኖርነው ግን መሬት ነፈግናቸው፣ ልጅ አልሰጠናቸውም፣ አልተቀበልናቸውም። ተኝተን ያደግነው እነሱ በፋቁት ቁርበት ላይ ነው። አሁን ደግሞ «እውነተኛ ቆዳ» ተብሎ ከቻይና የመጣውን፣ በመጀመሪያው ዝናብ የሚላጠውን ጫማ ስንገዛ «አቤት ጥራት!» እንላለን። የደጋ በጋችን ቆዳ ለጓንት በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። የፈረንጅ እጅ በእኛ በግ ይሞቃል፤ የእኔ እግር በአርባ ምንጭ ፀሐይ በፕላስቲክ ውስጥ ይቀቀላል። የዳርማርን ጫማ፣ ኋላ አንበሳ የተባለውን፣ ሶሉን እያስቀየርን ስንት ዘመን እንዳደረግነው ለልጆቹ ስናገር ተረት ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ጫማ ስገዛ በአፍ አልተማመንም። ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ ሙቀቱን ጠጥቶ አበጥ ሲል፣ ካርቶን ላይ ቆሜ ዙሪያውን በእርሳስ አስነድፋለሁ። ቁጭ ብሎ የተለካ እግር ውሸታም ነው፤ የሚሰፋው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ግራውንም ቀኙንም፤ ሁለቱ እኩል ናቸው ያላችሁ ማነው? የተቆረጠውን ካርቶን ሱቅ ይዤ ሄጄ ጫማው ውስጥ እከተዋለሁ። ጠርዙ ከታጠፈ እግሬን አላስቸግርም፣ ጫማውን እመልሳለሁ። ከረዥሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። ሻጩ «ሲደረግ ይለቃል» ሲል አትስሙት፤ ቆዳ በስፋቱ ጥቂት ይሰጣል፣ በርዝመቱ ግን ቅንጣት ታህል አይጨምርላችሁም። ከላይ የሚይዝ ማሰሪያ ይኑረው፣ ጣት ዘበኛ ሆኖ እንዳይውል። ደጋ የምትወጣ ደግሞ ዙሪያው ዝግ ይሁንላት፣ በካልሲ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ጨንቻ ገበያ ላይ ያለውን ጭቃ ክፍት ፍላት አይችለውም። በታኮ ኖራ በአንድ ጊዜ ወደ ስስ ሶል የምትገባዋ ባቷ ይጮኽባታል፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ትልመደው።

የሲቀላ ሻጮች ካርቶኔን ከሩቅ ሲያዩ መጠቃቀስ ስለጀመሩ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ካርቶኑን ገለባበጠው።

«ይሄ የማን እግር ነው?»

«የእኔ።»

«የወንድ ይመስላል።»

«የወንድ አይደለም፣ የጨንቻ ነው።»

ትንሽ አሰበና «ጫፉን በትንሹ ላሹልልዎት? አለበለዚያ አያምርም» አለኝ። ጫፉን ካሾልክ ትንሿን ጣቴን ቆርጠህ በቀብድ ያዛት አልኩት። ሳቀና የገንዘቡን ቀብድ እመርጣለሁ አለኝ። ማስቲሽ ብቻ ሳይሆን ስፌትም ይኑረው፣ የውስጡ ገበር ከቆዳ ይሁን፣ ሶሉ ከጎማ ሆኖ ጠጠር የማያሳልፍ ይሁን እያልኩ ሳዝዘው በየመሃሉ ዋጋ ይጨምርብኛል።

ያች የአዲስ አበባዋ ይህን ስትሰማ ለእኔም ይሰፋልኝ አለች። የእግሯን ፎቶ በቴሌግራም ላከች፣ ቀለሙ ክሬም ይሁን ብላ ጻፈችበት። በፎቶ እግር አይለካም፣ ካርቶን ላኪ ብያታለሁ፤ አዲስ አበባ ካርቶን የጠፋ ይመስል እስካሁን አልላከችም። ጫማ ሰፊው ደግሞ ሐሙስ ይምጡ ብሎኛል። የትኛው ሐሙስ ብዬ ብጠይቀው «እማማ፣ ሐሙስማ ሐሙስ ነው» አለኝ።