ጠመንጃ ወዳድ ፋብሪካ ቢሰጠው

ይድረስ ለሐረር ሸዋ በር ዘመድ አዝማድ፤ ከሊዬዥ ከተማ፣ ቤልጅግ።

ጠመንጃ ወዳድ ሰው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ቢሰጠው አስቀድሞ የሚለውጠው የዕቃውን ዕድሜ ነው። አዲስ ተብሎ የተሸጠለት ጠመንጃ በዕድሜ ከአባቱ እንደሚበልጥ የደረሰበት ገዢ ቂሙን ለልጅ ልጅ ያወርሳል፤ በዚህ በኩል ሊዬዥና የሸዋ መንገድ ያልተወራረደ የቆየ ሒሳብ አላቸው።

በ1885 (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን በመጨረሻ ከሚነሣው አዋጅ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሐረር የቡናና የቆዳ ንግድ ወኪል ሆኖ የኖረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። ራምቦ ሲባል የፊልሙ አይደለም፤ ያኛው ይተኩሳል፣ ይኼኛው ይሸጣል። ግጥም መጻፉን ገና በወጣትነቱ ትቶታል፤ በደብዳቤው ላይ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው። ወደ ሸዋ የሚወስደው ጠመንጃ በካፕሱል የሚተኮስ፣ ከሠራዊት ከተሰናበተ አርባ ዓመት የሆነው ነው። ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛል፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። ቡና ነጋዴ እንኳ ይህን ያህል ትርፍ ሲያስብ በቀኝና በግራው ሰው መኖሩን ያያል፤ ሰውየው ግን ለእናቱ ጻፈው።

ትርፉ በወረቀት ላይ ቀረ። ሸሪኩ ላባቱ በካንሰር ታሞ አገሩ ሄዶ ሞተ፤ ቀጥሎ ሊሸረከው ያሰበው ሶሌዬ ደግሞ ኤደን ላይ በድንገት ሞተ። ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃና የሬሚንግተን ጥይት በግመል ጭኖ በ1886 መገባደጃ ብቻውን ተነሣ። አንኮበር የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ውስጥ ሲሆን ገዢው በቦታው አልነበሩም። ምኒልክ በጨለንቆ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረር ገብተዋል፤ ሻጩ የሐረርን ኑሮውን ትቶ ሸዋ ሲደርስ ገዢው ሸዋን ትተው የሻጩ ከተማ ውስጥ ነበሩ። ንጉሡ በኋላ የማረኩትን ክሩፕ መድፍ በሰው እያስጎተቱ እንጦጦ ተመለሱ። መድፍ ይዞ የመጣ ሰው ፊት ከአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሲዘረጋ ከእጅ አይሻል ዶማ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ምኒልክ ዕቃውን በጅምላ፣ በራሳቸው ዋጋ ወሰዱ፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ከላዩ ቀነሱ፤ የቀረውን ደግሞ በጥሬ ብር ሳይሆን ሐረር ላሉት ለደጃዝማች መኮንን በተጻፈ የክፍያ ወረቀት አዘዙ። ነጋዴው ገንዘቡን ፍለጋ እንደገና ወደ ሐረር ወረደ።

ስለዚህ ጠመንጃ ወዳዱ የፋብሪካ ሹም በሆነ ማግስት በየጠመንጃው ላይ የተሠራበት ዓመት በትልቁ እንዲቀረጽ ያዛል፤ ከሠራዊት የተሰናበተ ዕቃም ተሰናብቶ እንዲቀር ይወስናል። የሽያጭ ክፍሉ እንደማይወደው የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የጥይት ነው፤ ዋናውም ይኼ ነው። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ጥይት ግን ዕድሜ ልክ ይበላል። በዓድዋ ዘመን በኢትዮጵያውያን እጅ ሬሚንግተን፣ ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ቬተርሊና ሌላም ነበረ፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ባለ ውጅግራው ጎረቤቱን ጥይት አበድረኝ ቢለው ጎረቤቱ ባለ ሰናድር ከሆነ ጉርብትናው አይጠቅመውም። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ እንደገና ተሞልቶበት ወደ ዝናሩ ይመለሳል። ከዚህም በላይ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የጠገራ ብር ዝርዝር ሆኖ በገበያ ይሠራ ነበር። በጥይት ጠጅ የሚጠጣ፣ መልሱን በጨው የሚቀበል ሰው ቢተኩስ ሰማይ ላይ የበተነው ገንዘቡን ነው። የሠርግ ተኩስ ውድ ግብዣ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ አገር የጥይት ፋብሪካ ያለው ሰው የብር ማተሚያ ቤት እንዳለው ይቆጠራል፤ ጠመንጃ ወዳዱም ከጠመንጃው መኪና በፊት የጥይቱን መኪና ይተክላል፣ ለሁሉም ጠመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት ይመርጣል። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች እንኳ የዛሬውን የጋራ የጠመንጃ ጥይታቸውን የመረጡት በ1980 ነው፤ የተመረጠውም በዚሁ በሊዬዥ ዳርቻ የተቀመመ ነው።

የጦር መሣሪያ ፋብሪካን ሐሳብ በኢትዮጵያ ምድር ቀድመው ከሞከሩት አንዱ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን ሰብስበው መድፍ አሠሯቸው። የፋብሪካው ድክመት የባለቤቱ ፍቅር ነበር፦ ትልቅ መሣሪያ ይወዳሉ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ግማሽ ዓመት ያህል መንገድ እየተቆረጠለት ተጎተተ። አሁንም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ መልሶ የሚጎትተው አልተገኘም።

ቀጥሎ የመጣው አሳቢ ያው ራምቦ ነው። በእንጦጦው ሽያጭ የተጎዳ ሰው ከጠመንጃ ንግድ ይርቃል ተብሎ ይጠበቃል። እርሱ ግን በታኅሣሥ 1887 ለፈረንሳይ የባሕር ኃይልና የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ማመልከቻ ጻፈ፤ ሸዋ ውስጥ ጠመንጃና ጥይት የሚሠራበትን መሣሪያና ጥሬ ዕቃ በፈረንሳይ ጠረፍ በኩል እንዲያስገባ እንዲፈቀድለት ለመነ። አሮጌ ጠመንጃ በማመላለስ የከሰረ ነጋዴ የደረሰበት መደምደሚያ ፋብሪካውን ራሱን ማመላለስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የመጣለት መልስ እንቢ ነው፤ ፈረንሳይ በዚያ ጠረፍ መሣሪያ ላለማሳለፍ ከእንግሊዝ ጋር ተስማምታለች። ግንቦት ላይ ተፈቀደ ተባለ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈቃዱ ተሻረ። ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ የሐረር ሰው ይህን ዓይነት ግንቦት ያውቀዋል። ራምቦም ወደ ሐረር ተመልሶ በአብዛኛው ቡና፣ ቆዳ፣ ጨርቅና ድስት ሲነግድ ቆይቶ በ1891 በቃሬዛ ወጣ። ጠመንጃ ወዳዱ ከዚህ የሚማረው ሦስተኛ ለውጥ አለ፦ ፈቃድ የሚከታተለውን ጸሐፊ ከብረት ቀጥቃጩ የበለጠ ደመወዝ መክፈል።

የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች ዘንድ ሲደረስ የሚለወጠው እያነሰ፣ የሚከራከሩበት እየበዛ ይሄዳል። ከሊዬዥ ዳር ኸርስታል ላይ ያለው ፋብሪክ ናሲዮናል በ1889 የተቋቋመው ለቤልጅግ ሠራዊት 150,000 የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት ነው። የአሜሪካው ሊቅ ጆን ብራውኒንግ ሽጉጦቹን ያሠራው እዚህ ሲሆን በ1926 የሞተውም በዚሁ ፋብሪካ ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ ነው። ለአውሮፓ ጠመንጃ ወዳድ ቦታው እንደ ቁልቢ ነው፤ ልዩነቱ ስለት አይገባበትም።

ጠመንጃ ወዳዱ ከሁሉ አንድ ነገር ሳይነካ ይተወዋል፤ እርሱም የሊዬዥ መሣሪያ መፈተኛ ቤት ነው። ከ1672 ጀምሮ በከተማው የሚሠራ ጠመንጃ ለገበያ ሳይወጣ ይፈተናል። ከመደበኛው በሩብ ያህል የበለጠ ግፊት ባለው ጥይት ይተኮስበታል፤ ከቻለ ማኅተም ይመታበታል፣ ካልቻለ እዚያው ይቀራል። የራምቦ ጠመንጃዎችም በወጣትነታቸው ፈተና አልፈው ይሆናል፤ ፈተናው ግን ለጡረታ ዘመን አይሠራም።

የተቋረጠውን መልሱ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ያለ የጠመንጃ ወዳድ ጸሎት ነው። ፋብሪካው ከ1935 ጀምሮ የሠራውን ታዋቂ የብራውኒንግ ሽጉጥ፣ 13 ጥይት የሚጎርሰውን፣ በ2018 ማምረት ሲያቆም ወዳጆቹ ሐዘን ተቀመጡ። በ2022 አዲሱ ወጣ። ጎራሹ 17፣ ውስጡ ግን የተለወጠ በመሆኑ ሐዘንተኞቹ ተነሥተው ቅሬታ አቀረቡ። ወዳድ የሚፈልገው የወጣትነቱን ዕቃ በዛሬ ብረት እንጂ የተሻለ ዕቃ አይደለም፤ ፋብሪካውን ቢይዝ ራሱም ራሱን ማስደሰት አይችልም።

የጎን ሥራዎችን በሚመለከት ጠመንጃ ወዳዱ ርኅራኄ የለውም። ኸርስታል ብስክሌት፣ ሞተር ብስክሌትና መኪና ሠርቷል። ሬሚንግተን የጽሕፈት መኪናና የልብስ ስፌት መኪና ሠርቷል። በ1689 የመሣሪያ ፋብሪካ ሆኖ የተመሠረተው የስዊድኑ ሁስክቫርና ከ1872 ጀምሮ የልብስ ስፌት መኪና አወጣ። ወዳዱ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋዋል፤ ጠመንጃ ሠሪ መርፌ ምን ያደርግለታል ይላል። በሐረር የመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊዎች ግን በዚህ ውሳኔ ላይ ድምፅ ቢሰጡ ሹሙ በዚያው ቀን ይሻራል። ሒሳቡም ለእነርሱ ያደላል፦ የሬሚንግተን ባለቤቶች በዕዳ ተይዘው ድርጅቱ በባለ አደራ እጅ የወደቀው በ1886፣ የራምቦ ግመሎች የሬሚንግተን ጥይት ተሸክመው ከታጁራ በተነሡበት ዓመት ነው። የጽሕፈት መኪናው ከጠመንጃው ቤት ተነጥሎ ተሽጦ ከብዙ ጌቶቹ በላይ ኖረ።

ስለ ጌጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1930ዎቹ ቤልጅጎች የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ክብር ዘበኛ ሲያሠለጥኑ ከኸርስታል ለኢትዮጵያ የተሠሩት ጠመንጃዎች የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸው ነበር፤ ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች አንበሳውን ይፈልጋሉ። ጠመንጃ ወዳዱ አንበሳውን ይመልሳል፣ ሰደፉን ከፕላስቲክ ወደ እንጨት ይመልሳል፣ ማንገቻውን ከቆዳ ያደርጋል። ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል፤ እርሱም ራሱ መግዛት ያቅተዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የባለቤትነት ነው፤ የቀረውን ሐሳብ ሁሉ የሚያፈርሰውም ይኼ ነው። የኸርስታል ፋብሪካ ከ1997 ጀምሮ የዋሎኒያ ክልል መንግሥት ንብረት ነው። የውጭ ሽያጩን የሚፈቅደውም ያው ክልል ነው፦ በአንድ እጁ ይሸጣል፣ በሌላው እጁ ለራሱ ፈቃድ ይጽፋል። ቢሆንም ፈቃዱ ሁልጊዜ አይጸናም፤ በ2020 የቤልጅግ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ለሳዑዲ ዓረቢያ የተሰጡ የሽያጭ ፈቃዶችን አግዷል። ደንበኞቹ በዋናነት መንግሥታት ናቸው። መንግሥት ጠመንጃ ሲገዛ ስለ ሰደፉ እንጨት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መለዋወጫ እስከ መቼ ይገኛል፣ ጥይቱ ከማን ይመጣል፣ ክፍያው በስንት ዓመት ነው የሚለውን ነው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ የጠየቁትም ከዚህ አይርቅም፤ በዚያ ድርድር ከነበሩት ሁሉ ፋብሪካ ማስተዳደር የሚችል ሰው ቢፈለግ የሚመረጡት ገዢው ናቸው፣ ሻጩ አይደለም።

በአገር ቤት ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ የሸዋ በር ጠመንጃ ወዳድ ፋብሪካውን በቡና ላይ ብቻ ቢያስተዳድረው ይሻላል። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ሆኖ ቡና ሲላክም ለማስታወሻ ተብሎ የአያት የዝናር ጥይት መሀሉ እንዳይከተት አደራ፤ የቤልጅግ ጉምሩክ ጥይቱን ብቻ ወስዶ ቡናውን አይመልስም።