ለሽርሽር ነው ስንል ማን ይመነን?

የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ለሽርሽር እሄዳለሁ ብሎ ማስረዳት ራሱ አድካሚ ሆኗል። አዲስ አበባ ዘመድ «ምን ልትሠራ?» ይላል። ጅጅጋ ሹፌሩ «ንግድ ነው?» ይላል። ቶጎ ውጫሌ ላይ ፓስፖርት የሚያገላብጠው ሰው «ማን ጋ ነው የምትሄዱት?» ብሎ ቀና ብሎ ያያል። ሐርጌሳ ገብተን ሆቴል ስንጠይቅ ደግሞ፣ ገና ሻንጣችን ሳይወርድ፣ ሥራ ፍለጋ መጥተን እንደሆነ ይጠየቃል። ገንዘቡን አጠራቅሞ ካሪቢያን ድረስ የሄደ፣ ባርቤዶስ ወይም ጃማይካ ባሕር ዳር የተዝናና ኢትዮጵያዊ ቢገኝ ዘመድ አዝማዱ ይኮራበታል እንጂ ምን ፈልገህ ነው የሚለው የለም። ዛንዚባር የሄደውንም እንዲሁ። ጎረቤት አገር ሄዶ ባሕርና የዋሻ ሥዕል አይቶ መመለስ የሚፈልግ ሰው ግን ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ስደተኛ ነው፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። በሐርጌሳ ግንባታዎች ላይ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ሆቴል ጓዳ የሚያበስለው፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምታሳድገው ብዙ የአገራችን ሰው ነው። ብዙዎቹም ወረቀት የላቸውም። እኛን ለጥቂት ቀን የሚያስመርረንን ጥያቄ እነርሱ ሲነጋ ሲመሽ ይመልሱታል። የእነርሱን ኑሮ ካየን በኋላ ስለ ሽርሽር ማማረር ያሳፍር ይሆናል፤ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ሐበሻ ያለ ችግር ወደዚህ አይመጣም ተብሎ ተወስኗል።

መንገዱ እኮ አጭር ነው። ከጅጅጋ ቶጎ ውጫሌ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ሐርጌሳ 90 ያህል። ጅጅጋ ቁርሱን የበላ ሰው ምሳውን ሐርጌሳ ቢበላ የሚደንቅ አልነበረም። በዚሁ መንገድ የአወዳይ ጫት በየቀኑ ይበርራል፤ ማለዳ የታሰረው እዚያው ቀን ሐርጌሳ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይሸጣል። ለጫቱ ኬላው ቶሎ ይከፈታል፤ ከዘገየ ይጠወልጋል፣ ከጠወለገ ገዢ የለውም። ሰውም ይደክማል፣ ሰውም የሚቆጥረው ቀን አለው። ለሰው የሚቸኩል ግን አላገኘንም።

ውጫሌን ያለፈ ሰው መኪናውን ያውቀዋል። መንገዱ እንደኛው በቀኝ የሚነዳበት ነው፤ ያገለገሉት የጃፓን መኪኖች መሪ ግን እሱም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና መቅደም ሲፈልግ የሚመጣውን የሚያየው ግራ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ሹፌሩ አንገቱን ሰግጎ «አለ?» ዓይነት ያያችኋል፤ እናንተ የለም ካላችሁ ይወጣል። ሱማልኛ የማይችል ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዴት ያለ ጭንቅ እንደሆነ የተቀመጠበት ያውቀዋል።

በአየር እንሂድ ያሉትም አላረፉም። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ነፃነቷን አውጃ የራሷን መንግሥት፣ ገንዘብና ፖሊስ ይዛ ኖራለች፤ ሞቃዲሾ ግን ግዛቴ ናት ትላለች። ይህ ክርክር የመንግሥታት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው መንገደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሞቃዲሾ የኦንላይን ቪዛ ስትጀምር ሐርጌሳ አላውቀውም አለች። አንዱ ካልከፈልክ አትሳፈርም ይላል፣ ሌላው የከፈልከው ለእኔ አይደለም ይላል። በመሐል ቲኬቱን የቆረጠ ሰው መድረሻው ላይ ማን እንደሚያስተናግደው ሳያውቅ ቦሌ ተሰልፎ ይጨነቃል። ጎብኚ የማንንም ድንበር ሊያጸድቅ አይሄድም። አንድ ቪዛ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ መስኮት ቢሰጠን ምን ነበረበት?

ገንዘቡም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ አጠራቅመን ያስቀመጥነው ሽርሽር ግማሽ ሆኖ ቀረ። ያንን ዶላር እንደምንም አግኝተን ስንደርስ ደግሞ ኖቱ ይመረመራል። አሮጌ ነው፣ ጠርዙ ተቀድዷል፣ ቀለም ነክቶታል ተብሎ ይመለሳል። ሐርጌሳ መሐል ከተማ መንገድ ዳር የገንዘብ ለዋጮቹ ሽልንግ በላስቲክ ታስሮ እንደ ጡብ ተደርድሮ ይታያል። አንድ ዶላር 10,000 ሽልንግ ገደማ ስለሆነ ጥቂት ዶላር የዘረዘረ ሰው ኪሱ አይበቃውም፣ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። የከተማው ሰው ግን ይህን ጣጣ ከጣለ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ዛድ የሚባል የስልክ ገንዘብ አለው፤ ሻይ የምትሸጠው እናት ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቅላለች፣ ቲማቲሙም በዛድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማየት ደስ ይላል፤ ለእኛ ግን የዚያ አገር ሲም፣ ለሲሙም መታወቂያ፣ ለመታወቂያውም ሰው ያስፈልጋል። የባንክ ካርዳችን በአብዛኛው ቦታ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የእኛ ቴሌብርና የእነርሱ ዛድ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ከተሞች ውስጥ እየሠሩ የማይነጋገሩት ለምንድን ነው?

ወደ ላስ ጌል እንምጣ፤ ያንገበገበን እሱ ነው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ያሳወቀው፣ ከሐርጌሳ በሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ የዋሻ ሥዕል ነው። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ከከተማ ፈቃድ ይወጣል። ቢሮው ዓርብ ዝግ ነው። በሌላው ቀንም ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከተማው ለጸሎት፣ ለምሳና ለጫት ይዘጋና እስከ 10 ሰዓት ድረስ የሚያናግር ሰው ማግኘት ይቸግራል። ዓርብ የገባ እንግዳ ቀኑ በከንቱ ያልቃል። ፈቃዱ ሲገኝ መኪና መከራየት፣ ከከተማ ለመውጣት ደግሞ የታጠቀ ጠባቂ መያዝ አለ፤ አበሉም በእንግዳው ነው። የጠባቂው ምክንያት ይገባናል፤ ባለፉት ዓመታት የውጭ ዜጎች ተገድለዋል፣ መንግሥትም ለስሙ ይሰጋል። ግን ኬላ ላይ አንዱ «ሐበሻ ስለሆኑ ጠባቂ አያስፈልጋቸውም» ሲል ሌላኛው «የውጭ ዜጋ ናቸው፣ ያስፈልጋቸዋል» ይላል። ክፍያ ሲሆን ፈረንጅ፣ መስተንግዶ ሲሆን ሐበሻ እየተባልን እንውላለን።

ሥዕሉ ጋ ስንደርስ ግን ሁሉም ሰው ዝም አለ። ከአሸዋማው ሜዳ የሚነሣ ቋጥኝ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ላሞች ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ ሆነው ተሥለዋል። አንገታቸው ሰፋ ብሎ በመስመር በመስመር አጊጧል፣ ቀንዳቸው ተቀልብሶ ይወጣል፤ ከሆዳቸው ሥር እጆቹን የዘረጋ ትንሽ ሰው ቆሟል። ቀለሙ ትናንት የደረቀ ይመስላል እንጂ ሺህ ዓመታትን ያለፈ አይመስልም። ከእኛ ጋር የነበሩ የድሬዳዋ ሴት ለገ ኦዳ ዋሻን ያውቃሉና «የእኛዎቹ ላሞች ዘመድ ናቸው» ብለው እንባቸው መጣ። ልክ ናቸው፤ የሐረርጌን ዋሻዎች የሣለው እጅና ይህ እጅ የተለያየ አገር አልነበረውም። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ሥዕሉ በዓለም ቅርስ መዝገብ አልሰፈረም፣ ዝናብና ተርብ ይፈራረቁበታል፣ አጠገቡ ያለነው ደግሞ ለማየት ይህን ሁሉ ደጅ እንጠናለን።

በርበራ ያው መንገድ ነው፤ ከሐርጌሳ 160 ኪሎ ሜትር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለመሄድ ያሰባችሁ ተዉት፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የከተማው ሰው ራሱ ሸሽቶ ወደ ሼኽ ከተማና ወደ ሐርጌሳ ይወጣል። የእኛ የክረምት ዕረፍት የሚውለው ግን በእነዚህ ወራት ነው። በጥር ውኃው ለብ ያለ፣ አሸዋው ንጹሕ፣ ዳርቻው ባዶ ነው። የሐረር ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት ግመሉን ነድቶ የወረደበት ባሕር ነው። እዚያ ቆመን ባሕሩን በወጉ እንኳ ሳናይ አንድ ወጣት ቀርቦ «ይህን ልትወስዱ ነው የመጣችሁት?» አለን። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሌላንድ የባሕር በር መግባቢያ ሰነድ አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመ በኋላ ይህ ጥያቄ ታክሲ ውስጥም፣ ሻይ ቤትም አይቀርም። አንዱ በደስታ ይጠይቃል፣ ሌላው በቁጣ። እኛ የያዝነው ፎጣና የመዋኛ ልብስ ነው፤ ስለ ሰነዱ የምናውቀውም ሬዲዮ የነገረንን ያህል ነው።

ሕዝቡን አናማም። የግመል ወተት ቀድቶ ሒሳብ እንቢ ያለ፣ «ወላል» (ወንድም) ብሎ ጠርቶ መንገድ እስከ መጨረሻው የሸኘን ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ላይ ለሖሕ በሻይ ሲቀርብልን እንጀራችንን አየን። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማቸው በራሳቸው መንግሥት አውሮፕላን ሲደበደብ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ሽማግሌዎች የሐርቲ ሼኽን መጠለያ እያነሡ ያጫውቱናል። በሰዎቹ መካከል የቀረ ነገር የለም። የሚያሰለቸን ጠረጴዛው፣ ኬላውና ማኅተሙ ነው።

የእኛም ወገን ከዚህ አይሻልም። ስንመለስ ከውጫሌ ጀምሮ ሻንጣችን እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ይገለበጣል። ለእናቱ ሽቶና ሻርፕ የገዛው ልጅ ስንት ደርዘን እንደሆነ ይጠየቃል፣ አንድ ነው ሲል አይታመንም። የተጣጠፈው ልብስ አቧራ ላይ ይዘረገፋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሌላው ተሳፋሪ በእኛ ይማረራል። ከዚያ ቀጣዩ ኬላ ላይ ያው ፍተሻ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ የመጀመሪያው ያየውን ሁለተኛው አይቀበልም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የቪዛው፣ የላስ ጌሉ መግቢያ፣ የጠባቂው አበልና የመኪናው ዋጋ በአማርኛም በሱማልኛም ተጽፎ ውጫሌ በር ላይ ይለጠፍ። ፈቃዱ እዚያው ድንበሩ ላይ ይሰጥ፣ ዓርብም ጭምር። ተፈትሾ ያለፈ ሻንጣ ላይ ምልክት ይደረግና ሐረር ድረስ ይከበር። በሚቀጥለው ጥር ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን በርበራ ልንወርድ አስበናል፤ ከአሁን ጀምሮ ማን ምን እንደሚያስከፍለን እየተደዋወልን እየተጠያየቅን ነው፣ ሁለት ሰው ግን አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠንም።