ሐተታ ማጣሪያ ዘደብረ ታቦር

ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የማይኖር እንስሳ ነው። ስሙን የወሰደው ብሔራዊ ቡድን ግን ከኅዳር 2014 እስከ መጋቢት 2017 ድረስ የማጣሪያ ጨዋታዎችን «በሜዳው» ሲያደርግ ከኢትዮጵያ በቀር በብዙ አገር ታይቷል። አንዱ ከገደሉ ንቅንቅ አይል፣ ሌላው ከአውሮፕላን አይወርድ። የእንስሳት ሊቃውንት ይህን ልዩነት ስላልመረመሩት ጉዳዩ በደብረ ታቦር የዲኤስቲቪ ቤት ታዳሚዎች ላይ ወድቋል። ይህ ጥናት የእነርሱን ግኝት በወግ በወጉ ለመመዝገብ የተደረገ ሙከራ ነው።

ታዳሚዎቹ ዘመኑን ለሁለት ይከፍሉታል፦ ዘመነ ባሕር ዳርና ዘመነ ስደት።

በዘመነ ባሕር ዳር ነገሩ ቀላል ነበር። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጋፊው በሌሊት መናኸሪያ ይደርስና «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» እየተባለ እስኪነጋ ሚኒባስ ውስጥ ይቀመጣል። ጋቢውን እንደተከናነበ ዓለም በርን ያልፋል፤ ቁልቁል ወደ ወረታ ሲወርድ ይሞቀዋል፤ የፎገራ ሩዝ ማሳ ሲታይ ጋቢው ይወልቃል፤ ሐሙሲት ላይ ይታጠፋል። ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ደግሞ የታጠፈው ጋቢ ከሲሚንቶው በላይ፣ ከባለቤቱ በታች ይውላል። በኋላ ስለ ስታዲየም ወንበር ብዙ ሲወራ የደብረ ታቦር ሰው ችግሩ ፈጽሞ ያልገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘመኑ ቁንጮ ኅዳር 9 ቀን 2012 ነው፤ ኮትዲቯር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 የተሸነፈችበት ዕለት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በዚያ ማክሰኞ በዞኑ መሥሪያ ቤቶች ስንት የለቅሶ ፈቃድ እንደተጠየቀ የመዘገበ የለም። ያም ሆኖ ሟቾቹ በሙሉ ከአባይ ድልድይ ማዶ ይኖሩ እንደነበር፣ ቀብራቸውም ሁሉ ከሰዓት በኋላ እንደዋለ በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት ይቻላል።

ዘመነ ስደት የገባው መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ እዚያው ባሕር ዳር 3 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ዘጋው። ካፍ በ1949 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ይድነቃቸው ተሰማም 15 ዓመት በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ልጅን አሳድጎ በልጅ መታዘዝ በአገራችን አዲስ ነገር ስላልሆነ በዚህ ላይ አንዘገይም።

ከዚያ ሜዳው መጓዝ ጀመረ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ጆሃንስበርግ ሄዶ ጋናን አስተናገደና 1 ለ 1 ወጣ። ግንቦት 28 ቀን ቡድኑ ሊሎንግዌ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 2፣ እዚያው ሣር ላይ ባለቤት ሆኖ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። በሰኔ 2015 ማላዊን ማፑቶ ላይ አስተናገደ። በ2016 መጨረሻ ዳሬሰላም ላይ መጀመሪያ የታንዛኒያ እንግዳ፣ ቀጥሎ የኮንጎ አስተናጋጅ ሆነ። በጥቅምት 2017 አቢጃን ላይ ከጊኒ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኘ፤ ጊኒም ከአገሯ ውጭ ነበረችና ሁለት ቤት የሌላቸው ጎረምሶች በሦስተኛ ሰው ግቢ ተራ በተራ «እንኳን ደህና መጣህ» ተባባሉ። በሁለቱም ያሸነፈችው ጊኒ ናት።

የጥናቱ ዋና ምንባብ ግን የኅዳር 2017 ነው። ኅዳር 7 ቀን ኢትዮጵያ በሜዳዋ ኪንሻሳ ታንዛኒያን አስተናግዳ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ኅዳር 10 ቀን በዚያው ኪንሻሳ፣ በዚያው ስታዲየም፣ የኮንጎ እንግዳ ሆና 2 ለ 1 አሸነፈች። ደቡብ ጎንደር የቤተልሔም ድጓና የዙር አባ ዝማሬ አገር ስለሆነ እንዲህ ያለ ምንባብ ያለ ትርጓሜ አይታለፍም። አንድ ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥቶ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ታዳሚ እንዲህ ሲል አመሠጠረው፦

«በሜዳዋ» አለ፤ አንድም የኪራዩን ከፋይ ሲያመለክት ነው። አንድም ስሟ በሰሌዳው ላይ ቀድሞ ስለተጻፈ ነው። አንድም ሰው በቤቱ እንግዳ ሳይበላ እጁን ወደ ሞሰብ አይሰድምና፣ ባለቤት ስትሆን እንግዳው አስቀድሞ እንዲያገባ ትጋብዛለች፤ አልፎም ድገሙ ትላለች። እንግዳ ስትሆን ግን የቀረበላትን ትበላለች። ሐተታ፦ ሊሎንግዌስ ባለቤት ሆና አላሸነፈችም ወይ ቢሉ፣ እንግዳዋ ግብፅ ነበረችና የአባይ ነገር ስለተነሣ ጉርሻው ቀረ።

ጥናት አቅራቢው ከዚህ የተሻለ ትንታኔ በየትኛውም የስፖርት ፕሮግራም አልሰማም።

አሁን ወደ መንገደኛው እንለፍ። በሌላው ዓለም አገሩን ሊደግፍ ባሕር የሚሻገር ሰው ትኬት ይገዛል፣ ቪዛ ያስመታል፣ ተጫውተው ሲያበቁ ይመለሳል። የእኛ መንገደኛ አስቀድሞ ሄዷል፤ ጨዋታው ነው የሚከተለው። ጥር 13 ቀን 2005 ኔልስፕሩት ላይ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሲቀርቡና በጎዶሎ ተጫዋች ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ ስታዲየሙን ያቀለመው ሕዝብ ከአዲስ አበባ የበረረ ብቻ አልነበረም። ከጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ሱቁን ዘግቶ የመጣም ነበር። ቩቩዜላውን እየነፋ፣ ሲናደድም ወደ ሜዳ እየወረወረ።

አንባቢ ካርታ ዘርግቶ በጥናቱ ዘመን ሜዳችን ከነበሩት ከተሞች እነዚህን በእርሳስ ያገናኝ፦ ዳሬሰላም፣ ሊሎንግዌ፣ ማፑቶ፣ ጆሃንስበርግ። መስመሩ ለእግር ኳስ ፌዴሬሽን አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ለደላላ ግን አይደለም። በኬንያ ወጥቶ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ወንድሞቻችን ዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል፤ አንዳንዶቹ ዳሬሰላምንም ሊሎንግዌንም ያዩት በእስር ቤት መስኮት ነው። ቡድኑ ይህን መንገድ በፓስፖርትና በቻርተር የሄደ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ወጣቶች ስብስብ እንዳይሆን እንጠረጥራለን። የደቡብ ጎንደር ልጅ የሚያውቀው መንገድ ደግሞ በመተማ ወደ ሱዳን የሚያስወጣው ነው፤ በጥናቱ ዘመን ሜዳው በዚያ በኩል አላለፈም።

ስለዚህ የደብረ ታቦር ደጋፊ ወደ ውጭ የሚጓዘው በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። የዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ የእንግሊዝ ክለቦች በትልቁ፣ ኢትዮጵያ በቀረው ቦታ። ለአርሰናል የቆመ ሰው ግድግዳ ይደገፋል፤ ለዋልያ አግዳሚው ሰፊ ነው፣ ቅቅል ድንች የምትሸጠውም ልጅ ገብታ ትቀመጣለች። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ዛሬ በሜዳችን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ ልጄ፣ ሞሮኮ ነው» አሉት። ከሁለቱ አንዳቸውም አልሳቁም።

ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ውጤት የሚመጣው አዲስ አበባ ካለ ዘመድ በስልክ ነበር። ዘመዱ አስቀድሞ የቤተሰቡን ደህንነት ይጠይቃል፣ ቀጥሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ከዚያ የጤፍ ዋጋን። ኅዳር 2016 ሞሮኮ ላይ ከሴራሊዮን ጋር የተደረገው ጨዋታ ውጤት በዚህ ቅደም ተከተል እጅግ ዘግይቶ ደረሰ። 0 ለ 0 ስለነበር ግን በመንገድ አልተበላሸም።

በዚህ ቤት ከፍተኛው ዕውቀት ስሌት ነው። የማጣሪያ ስሌት ከባሕረ ሐሳብ ይከብዳል፤ መጥቅዕና አበቅቴ ምንጊዜም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፣ የምድብ ነጥብ ግን ኒጀር ምን እንዳደረገች ሳይታወቅ አይደመርም። ስሌት ያላወቀ ምን እንደሚገጥመው ደቡብ አፍሪካ አሳይታለች፦ መስከረም 27 ቀን 2004 ከሴራሊዮን 0 ለ 0 ወጥታ አለፍኩ ብላ ጨፈረች፤ የሚለየው የጎል ልዩነት ሳይሆን የእርስ በእርስ ውጤት ነበርና ያለፈችው ኒጀር ሆነች። በተቃራኒው መጋቢት 21 ቀን 2013 ኢትዮጵያ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራች ሳለ ዳኛው ታመው ወደቁ፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። በሌላ ሜዳ ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 ስለወጡ ተሸናፊዋ ካሜሩን ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ማሸነፍና ማለፍ ዝምድና እንደሌላቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም ነበር፤ ሰኔ 9 ቀን 2005 ባይኖር። ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 ተሸንፋ አገር ምድሩ ጨፈረ። ወዲያው ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች መሰለፉ ታወቀና ሦስት ነጥብ በፎርፌ ተነጠቀ። ቢጫ የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ደብረ ታቦር ውስጥ አሁን ቢያንስ በየቤቱ አንድ አለ፤ የሚያቀርበው ለማን እንደሆነ ግን አልተነገረውም።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ ከኋላ አግዳሚ የመፍትሔ ሐሳብ ቀረበ። ሜዳው ደብረ ታቦር ይሁን ተባለ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ እንግዳ ቡድን እስከ ዕረፍት ትንፋሽ አይኖረውም፤ እምቢ ካሉም ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ። ወደ ሜዳው የሚያስገቡ በሮች ከጋፋት በሚገኝ ብረት ይሠራሉ፤ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የቀለጠበት መንደር ለበር አያንስም። የካፍ ተቆጣጣሪዎች ቢመጡ በቡሄ ማግስት ይምጡ፣ ሙልሙል ይተርፋል። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ስለ መልበሻ ክፍሉ የተነሳው ጥያቄ ለቀጣይ ስብሰባ ተዛወረ፤ ምክንያቱም የሊቨርፑል ጨዋታ ሊጀምር ስለነበር የቤቱ ባለቤት ወይ ክፈሉ ወይ ውጡ ብለው ነበር።