ኮከብዎ «አልፈርምም» ያለ ዕለት

ኮከብ ተጫዋችዎ ውሉን አላራዝምም ማለቱን ቆመው አይስሙ። ይህ ምክር ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው አርብ ገበያ ላለ ደጋፊ ነው። የእንግሊዝ አሠልጣኞች ብዙውን ጊዜ ለጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰጡት አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ እዚህ የገበያ ቀን ነው። ወሬው የሚደርስዎ በአህያና በጤፍ ጆንያ መሀል፣ ምናልባትም ዶሮ በእግሯ አንጠልጥለው ሳሉ ነው። ዶሮዋ ካመለጠች ኪሳራው ሁለት ይሆናል። በዚያ ላይ ጾም ነው፤ በጥብስ ልጽናና ቢሉ አይሆንልዎትም። ስለዚህ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት አንዱ ሻይ ቤት ይግቡ፣ ጀርባዎን ለግድግዳው ይስጡ፣ ሻይዎን ይዘዙ። ኔትወርክ ከሌለ ፈጣሪዎን ያመስግኑ፤ እስከ ማታ ድረስ ኮከብዎ የእርስዎ ነው።

ወሬው ከደረሰዎ በኋላ መጀመሪያ ይካዱ። «የጋዜጣ ወሬ ነው» የምትለው ቃል ብዙ ደጋፊ ያሻገረች ናት፤ እርስዎንም ለጥቂት ቀን ታኖራለች። ችግር የሚመጣው ተጫዋቹ በገዛ እጁ የጻፈው እንደሆነ ነው። ቆየት ያሉ የአርሴናል ደጋፊዎች ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. የሆነውን አይረሱትም። የቡድኑ አምበል ሮቢን ቫን ፐርሲ ሊጉን በ30 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ከጨረሰ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ውሉን እንደማያራዝም በራሱ ድረ ገጽ አስታወቀ። የክለቡ አካሄድ አልጣመኝም ነው ነገሩ። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ እሱ ራሱ 29 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር። እንዲህ ሲያጋጥም «ድረ ገጹን ጠልፈውበት ነው» ማለት ይቻላል፤ ሩቅ ባያስኬድም ከዝምታ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚወቀስ ሰው ይፈለጋል። ተጫዋቹን ወዲያው አይንኩት፤ ነገ ሊፈርም ይችላል፣ ያኔ ያፍራሉ። ልማዱ ደላላውን መውቀስ ነው። «ደላላው ነው ያበላሸው፤ ልጁማ በነጻም ይጫወትልን ነበር» ይበሉ። ይህን ሲሉ ግን ፊትዎን ወደ ከብት ተራው አያዙሩ። እዚያ የሚሆነውን ያውቁታል። ባለበሬው ዋጋ ይጠራል። ገዢው የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ እንከን ፈልጎ ሲያጣ «አንገቱ ቀጠነብኝ» ይላል። ደላላው የሁለቱን እጅ ይዞ ያማታል፤ «አንተ ጨምር፣ አንተም ቀንስ፣ በሉ ተመራረቁ!» ባለበሬው እጁን መንጭቆ ያወጣና «በዚህስ ቤቴ ይደር» ብሎ በሬውን እየነዳ መንገድ ይጀምራል። መንገድ መጀመሩ ለመሄድ እንዳይመስልዎ፤ ጆሮው ከኋላው ነው፣ ኮቴ ይሰማ እንደሆነ እያዳመጠ ነው። ያን ሰውዬ ከዳተኛ ያለው እስካሁን አልተሰማም። እንዲያውም «ዋጋውን የሚያውቅ ሰው» ተብሎ ይከበራል። ቫን ፐርሲ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ፣ በሬው በሚቀጥለው አርብ ሰብቶ ሊመለስ ይችላል፤ የ29 ዓመት አጥቂ ግን የቀሩት አርቦች ጥቂት ናቸው፣ ቢሰባም አያምርበትም።

ይህን የነገርኩዎትን ለራስዎ ይያዙት። ኳስ ቤት ውስጥ ጮክ ብለው ከተናገሩት አግዳሚው ላይ የያዙት ቦታ ይወሰዳል፤ «ይሄ ሰውዬ ድሮም የእነሱ ነበር» ይባልልዎታል።

ንዴትዎ ዕውቀት ያለበት እንዲሆን ከፈለጉ ደግሞ ጆርጅ ኢስትሃም የሚባል ሰው ይወቁ። በእሱ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። ከዚያ የሚብሰው፣ ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልለቀቀው የትም አይሄድም። ክለቡ ደመወዝ ሳይከፍለው ስሙን መዝገብ ላይ ይዞ ሊያስቀምጠው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. ኢስትሃም ከኒውካስል ጋር የነበረው ውል ሲያልቅ «አልፈርምም፣ ልቀቁኝ» አለ። አንለቅህም አሉት። እሱም ኳሱን ትቶ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወረደና ቡሽ ይሸጥ ጀመር። የብሔራዊ ቡድን ደረጃ ያለው ልጅ፣ የጠርሙስ መድፈኛ ዓይነት ቡሽ! ወራት አለፉ፤ በመጨረሻ ክለቡ ተሸነፈና በ47,500 ፓውንድ ሸጠው። ኢስትሃም ግን ተሸጥኩ ብሎ አልተወም፤ ክለቡን ፍርድ ቤት ገተረው፣ በ1955 ዓ.ም. ዳኛው ያ ደንብ ሰውን ያለ አግባብ ከሥራው የሚያግድ ነው ብለው ፈረዱለት። ውሉ ያለቀ ተጫዋች አምስት ሳንቲም ሳይከፈልበት እንዲሄድ የፈቀደው የቦስማን ፍርድ እስኪመጣ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆኗል። ኮከብዎ ዛሬ አንድ ዓመት ሲቀረው የሚኮራብዎ ከዚህ የተነሣ ነው። ክለቡ አሁን ካልሸጠው ነገ ባዶ እጁን ይቀራል፤ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ተጫዋቹ ከውጭ ሀገር ክለብ ጋር በግልጽ መደራደር ይፈቀድለታል።

ያን ቡሽ ሻጭ የገዛው ክለብ ማን ነበር? አርሴናል። የአርሴናል ደጋፊ ከሆኑ ይችን ገጽ ቀድደው ይጣሏት።

ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ ንዴቱ ወደ ንግድ ይዞራል። «ይሽጡት!» የሚባለው ያኔ ነው። ሚስቱን ሳያማክር አንዲት ዶሮ ሸጦ የማያውቅ ሰው 100 ሚሊዮን ፓውንድ ጠርቶ «ከዚያ በታች ንክች እንዳያደርጉት» ሲል ይሰማሉ። አይሳቁበት። በ2017 ዓ.ም. ክረምት አሌክሳንደር ኢሳክ ለኒውካስል አልጫወትም ብሎ አምፆ፣ በነሐሴ መጨረሻ ለሊቨርፑል የተሸጠው በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ በእንግሊዝ ክለቦች ታሪክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዋጋ አልተከፈለም። ያውም ውሉ ሊያልቅ ሦስት ዓመት እየቀረው። ከኢስትሃም እስከ ኢሳክ 65 ዓመት አልፏል፣ ክለቡ ግን ያው ኒውካስል ነው። እኔ ምንም አላልኩም።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ ዘንድ፣ ሁለት ሚዛን ይያዙ፤ አንዱ ለፈረንጅ፣ አንዱ ለሀገር ልጅ። የአርሴናሉ ሜሱት ኦዚል በ2010 ዓ.ም. አዲስ ውል ሲፈርም በሳምንት 350,000 ፓውንድ ነው ተብሎ ሲወራ «ይገባዋል፣ እንዲያውም ዘገዩ» ያልነው እኛ ነን። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያበጁለት ደግሞ «50 ሺህ ብር? ለየትኛው ኳስ?» ያልነውም እኛው ነን። እንግሊዞች የኢስትሃምን ዘመን የ20 ፓውንድ ጣሪያ ያነሡት በጥር 1953 ዓ.ም. መሆኑን ማንም እንዳያስታውስዎ ይጠንቀቁ። በሀገራችን ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጭማሪ ፈልገው ሳይሆን የወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቶ ነው። ይህን ዓይነት ወሬ ሲሰሙ ጊዜዎን አያባክኑ። «የማሊያ ፍቅር ጠፋ» ይበሉና ወደ ቼልሲ ጨዋታ ይመለሱ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ደስታው እስከ ጋይንት ደርሶ ነበር። የዐፄዎቹ ተጫዋች ወደ ሌላ ክለብ ሲሻገር ግን እንቅልፍ አናጣም። የቡካዮ ሳካ ውል መቼ እንደሚያልቅ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ፣ የጎንደሩ አጥቂ የስንት ዓመት ውል እንዳለው ቢጠየቅ ያፍራል። አያፍርም ይሆናል እንጂ፣ ማፈር ነበረበት።

አንዳንዴ ደግሞ ኮከብዎ ይፈርማል። ለዚህ ቀን የሚያስፈልገው ፈጣን መርሳት ነው፤ በዚህ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን አርአያ ያድርጉ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ዌይን ሩኒ የክለቡ የወደፊት ነገር አላሳመነኝም፣ እሄዳለሁ አለ። ፊታቸውን የሸፈኑ ደጋፊዎች ማታ ቤቱ ድረስ ሄደው ዛቱበት። በነጋታው፣ ጥቅምት 12፣ የአምስት ዓመት ውል ፈረመ። በየካቲት ማንቸስተር ሲቲ ላይ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ፣ አየር ላይ ተገልብጦ ያገባትን ኳስ አይተዋታል። ከዚያች ኳስ በኋላ የጥቅምቱን ነገር የሚያነሣ ሰው ቢገኝ እሱ ራሱ የሲቲ ደጋፊ ነው። እርስዎንም «ያን ሳምንት ምን ስትል ነበር?» ብለው ቢያፋጥጡዎ «ነፋስ መውጫ ሄጄ ነበር፣ ኔትወርክም አልነበረም» ይበሉ። ማን ያጣራል?

የሊቨርፑል ደጋፊ ከሆኑ ሥራዎ ከዚህ ይከብዳል፤ በአንድ ዓመት ሁለቱንም መቻል ይጠበቅብዎታልና። ሞሐመድ ሳላህ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሳውዝሃምፕተን ላይ ሁለት ግብ አግብቶ ሲወጣ ለጋዜጠኞች ክለቡ እስካሁን ምንም እንዳላቀረበለት፣ ከመቆየት ይልቅ ወደ መሄዱ እንደቀረበ ነገራቸው። እሱን የሰማ ደጋፊ ባለቤቶቹን ሰደበ፤ ሳላህን አልነካውም። ሚያዝያ 3 ቀን ሁለት ዓመት አራዘመና ዘፈኑ ቀጠለ። ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክለብ ውሉ ሊያልቅ ነበር። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው እዚያው ነው። እሱ ምንም ሳይናገር ቆየ፣ ሳይፈርም ቀረ፣ ወደ ሪያል ማድሪድ ሊሄድ እንደሆነ ሲታወቅ ግንቦት 3 ቀን በገዛ ሜዳው ጮኹበት። አንዱ ተናግሮ ፈረመ፣ አንዱ ዝም ብሎ ሄደ፤ እስከ ፊርማዋ ድረስ ግን ሁለቱም ክለቡን የያዙበት ገመድ አንድ ነበር፣ ሊያልቅ የተቃረበው ውል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለዎት ትምህርቱን እንዲያጠና ይላኩት።

ኮከብዎ ሄዶ የሄደበት ክለብ የጎረቤትዎ ክለብ የሆነ እንደሆነ ግን ምክሬ ያጥራል። ቫን ፐርሲ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ፣ 20 ቁጥር ለበሰ። በጥቅምት አርሴናልን ሲገጥም ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አገባበት፤ አልጨፈረም፤ አለመጨፈሩ ከመጨፈሩ ይብስ ነበር። በሚያዝያ አስቶንቪላ ላይ ሦስት አግብቶ ዩናይትድን ለ20ኛ ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ። ስድስት ቀን ቆይቶ ወደ አርሴናል ሜዳ ወደ ኤምሬትስ ሲመጣ የአርሴናል ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው እያጨበጨቡ አሳለፉት። እሱም ለምስጋና ይመስል በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ አንድ ለአንድ ተለያዩ። ያን ዕለት ኳስ ቤት ውስጥ የዩናይትዱን ደጋፊ አጠገብዎ ያገኙት እንደሆነ፣ ወገብዎን ያሻሹና «ዛሬ ያዝ አድርጎኛል» ብለው ቀስ ብለው ይውጡ። የገቡበትን ገንዘብ መልሱልኝ አይበሉ።

ማሊያው ይቀራል። አያቃጥሉት። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነውና ሲነድ ይሸታል፤ ደግሞም የከፈሉበት እርስዎ ነዎት፣ ከተጫዋቹ ኪስ የሚጎድል ነገር የለም። ፀሐይ ላይ ለጥቂት ጊዜ ዘርግተው የታተመበት ላስቲክ ለስለስ ሲል፣ የስሙን ጠርዝ በጥፍርዎ አንሥተው ቀስ እያሉ ይላጡት። ቁጥሩን ግን አይንኩ። የቫን ፐርሲን 10 ቁጥር የላጡ ቸኩለዋል፤ በዚያው ክረምት ጃክ ዊልሼር ለበሰው። ዊልሼር በ2010 ዓ.ም. ውሉ አልቆ ሲሄድ ኦዚል ወረሰው። ከኦዚል በኋላ ኤሚል ስሚዝ ሮው ያዘው፣ አሁን ደግሞ ኤበሬቺ ኤዜ ይዞታል። ስለዚህ ከአምስቱ ስም አራቱን የላጠ ሰው በአንድ ማሊያ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር። ኤዜም ቢሆን ውል አለው፣ ውል ደግሞ ያልቃል፤ ስሙን ሲያስለጥፉ ሙጫው በጣም የሚይዝ እንዳይሆን ለሚለጥፈው ልጅ ይንገሩት።